ግራ ክንዴን ብቻ ሳዳምጥ

ለሁለት ዓመት ያህል ግራ ክንዴን ከባለቤቴ ደብቄ ኖሬአለሁ። ክንድ እንዴት ይደበቃል የሚል ካለ፣ ረጅም እጅጌ በመልበስ፣ ስተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳ በማዞር፣ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ቀድሜ በቀኝ በኩል በመጠጋት ነው። ይህን የጻፍኩት ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። እኔ የሄድኩበትን መንገድ የያዘች ሌላ ሴት ካለች፣ ቢያንስ የት እንደሚያደርስ እንድታውቅ ብዬ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በጽዳት ተቀጥሬ፣ በኋላ የቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆንኩ። ከጎልማሶች የፊደል ትምህርት ቀጥዬ አምስተኛ ክፍልን የጀመርኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ በማታ ትምህርት ነው። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች "እትዬ" ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ያነበበውን ነገር አይለቅም። መጽሐፍ ሳነብ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው፣ የአሳታሚውን አድራሻ ሳይቀር አነባለሁ። ይህ ጠባዬ በሥራዬ ጠቅሞኛል። በሕመሜ ግን ጎድቶኛል።

ከታደለ ጋር የተጋባነው በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እሱ ብረት ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ዝምተኛ ነው፤ ሲቀልድም ሳይስቅ ነው። ሁለታችንም ልጅ እንፈልግ ነበር፤ ዕድሜዬም እንደማይጠብቀኝ አውቅ ነበር። በተጋባን በዓመቱ ሰውነቴ መክበድ ጀመረ። ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ መቆም ግድ ሆነ። በፀሐይ እየሄድኩ ይበርደኛል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። እጆቼ ይደነዝዛሉ፤ ተኝቼ ስነቃ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም። የወር አበባዬ ሁለት ወር ጠፍቶ ይቆይና በመጣ ጊዜ ደግሞ አልጋ ላይ ያውለኛል።

የሄድኩበት የመጀመሪያ ክሊኒክ ደሜን አይተው "ታይፎይድና ታይፈስ" አሉኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ነርቭ ነው ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። አሥር ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ ተወጋሁ። መርፌ የምትወጋኝ ነርስ በሰባተኛው ቀን "ጭንቀት ይኖርብሻል፤ ልጅ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም ስላት "እሱ ነዋ" ብላ ጥጡን ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሐኪም ሁሉንም ሕመሜን መዘርዘር ተውኩ።

ነገሩ የተለወጠው በጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ከፊቴ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ የተለጠፈ ነገር ሁሉ አነባለሁ። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነበር። የሴት ግራ ክንድ ተሥሏል፤ በውስጥ በኩል፣ ከክርን በላይ፣ ከቆዳው ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ ትታያለች። እርግዝና የሚከላከለው፣ ሴቶች "የሦስት ዓመቱ" የሚሉት ነው። ሥዕሉን ሳይ ክንዴ ውስጥ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

በሃያ አራት ዓመቴ ወደ አረብ አገር ስሄድ ደላላው አምስት ሴቶች ሆነን ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወስዶን ነበር። ለጉዞው ክትባት ነው አለን። ያኔ ስሜን ከመጻፍ በቀር ብዙ ማንበብ አልችልም፤ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ስሜን ጻፍኩ። ግራ ክንዴን አደነዘዙት፤ ፊቴን አዞርኩ፤ በፋሻ አሰሩልኝ። ስንወጣ ከመካከላችን ትልቋ ሴት ሳቀችና "ክትባቱስ ክትባት ነው፤ ከምን እንደሆነ ነው እንጂ" አለች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም እንዳልገባኝ ሆኜ ሳቅኩ። አሁን እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ግማሹ ገብቶኝ ነበር። በመንገድና በሰው ቤት ሴት ላይ ምን እንደሚደርስ ሁላችንም እንሰማ ነበር። ስመለስ ማንም አላወጣልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ከዚያም ረሳሁት።

በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርሷን ክንዴን እንድትዳስስልኝ ለመንኳት። ዳሰሰች። "ምንም የለም። የተቀበረልሽ ቀን የተሰጠሽ ካርድ አለ?" አለች። የለም። ለማንኛውም ብላ ራጅ አዘዘችልኝ። ራጁም ባዶ ነው። አጥንቴ ብቻ፣ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ተነሥቷል። ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይል ነበር። እኔ ግን ራጁን ይዤ ቤቴ ስገባ ይበልጥ ፈራሁ። የማይታይ ነገር ካለ ማን ያወጣዋል?

ለታደለ ለምን አልነገርኩትም? አረብ አገር መሄዴን ያውቃል። ይህን ሳልደብቅ ነው ያገባሁት። የፈራሁት ሌላ ነው። "የሦስት ዓመቱን አስቀብራ የሄደች ሴት ምን ልትሠራ ነው የሄደችው?" የሚለውን የሰፈር አፍ አውቀዋለሁ። ከዚያም የባሰው፣ እሱ ልጅ ሲጠብቅ እኔ እያወቅኩ ዝም ያልኩ እንዳይመስለው ፈራሁ። እናቱ እማማ በላይነሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። ስለ ልጅ በቀጥታ ጠይቀውኝ አያውቁም። ግን ሲቀመጡ ዓይናቸው መጀመሪያ ወገቤ ላይ፣ ከዚያ ፊቴ ላይ ያርፋል። "ሰውነትሽ ጨመረ ልበል?" ይሉኛል። ተስፋ ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ውፍረት ብቻ መሆኑን አውቃለሁ።

እንግዲህ ራሴን ማከም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ማግኔት ነው። ታደለ ብረት ቤቱ ወለል ላይ የተበተነ ብሎን የሚለቅምባት ማግኔት አለችው። በቦርሳዬ ይዤ መጣሁና ክንዴ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለስኳት። የሆነ ቦታ ስትደርስ የምትጎተት መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። በማግስቱ ስሞክር የምትጎተትበት ቦታ ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ነበር፤ ይህ ግን ዘንጓ ትሄዳለች ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ታደለ ሳምንት ሙሉ ማግኔቷን ሲፈልግ፣ አብሮት የሚሠራውንም ሲጠረጥር ቆይቶ ከትራሴ ሥር አገኛት። "ይቺ ደግሞ ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው?" አለኝ ሳይስቅ። መርፌ ጠፍቶብኝ ነው አልኩት። ብዙ መርፌ ነው የጠፋብሽ ብሎ ወሰዳት።

ቀጥሎ ጠበል ነው። እንጦጦ ወጥቼ ሰባት ቀን ተጠመቅኩ፤ ጠበሉን ስጠጣ ካህኑ ክንዴን በመስቀል ያሹልኛል። በጠበሉ አላማርርም። ሰላም ያገኘሁበት ሳምንት ነበር። በስድስተኛው ቀን አጠገቤ ወረፋ የያዙ አንዲት እማሆይ ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ። ለባሌ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ የማያውቁኝ ስለሆነ ይሆናል። ሁሉንም ሰምተው "ሐኪም ቤት ነገርሽው?" አሉኝ። ማንንም አላምንም አልኳቸው። "እኔ የስኳር መድኃኒቴን ውጬ ነው እዚህ የመጣሁት" አሉኝና ተራቸው ደርሶ ገቡ። በዚያን ቀን ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ የቀረው ባልመጣ ነበር።

የቀረው ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሰው ምስክር ሰምቼ የሄድኩበት የባህል ሐኪም ነው። ሰውየው ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ነው። ክንዴን በሁለት ጣቱ ተጫነና "አለ" አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ያችን አንዲት ቃል ለመስማት ምን ያህል ተርቤ እንደነበር ማስረዳት አልችልም። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ በውሃ የተበጠበጠ ፌጦ፣ ማታ የጥሬ ጎመን ጭማቂ እንድጠጣ አዘዘኝ፤ ከውስጥ ይገፋዋል። ከውጭ ደግሞ የተቀጠቀጠ ቅጠል በጨርቅ አድርጎ የሚያስርልኝ ከወር በኋላ ነው፤ "ብረት ይሁን ላስቲክ ጎትቶ ያወጣዋል።" ፌጦውንና ጎመኑን አንድ ቀን ሳላጓድል አንድ ወር ጠጣሁ። ድካሙ ባሰ፤ ድምፄም ሻከረ። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲመልሱ ስማቸውን ስጠራ ይስቃሉ። ሰውየው "ሊወጣ ሲል ይታገላል" ስላለኝ ትግሉ ነው አልኩ።

ቅጠሉን ያሰረልኝ ሐሙስ ነው። ሦስት ቀን እንዳልፈታው አስጠነቀቀኝ። ያን ዕለት ማታ ማሳከክ ጀመረ፤ አርብ ማቃጠል ሆነ። አርብን ጥርሴን ነክሼ ሥራ ዋልኩ። ማቃጠሉን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት፤ ዘንጓ ወደ ላይ እየመጣች ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክንዴ እስከ ክርኔ አብጦ እጅጌዬ ጠበበኝ። እማማ በላይነሽ ከመምጣታቸው በፊት ቤቱን ላስተካክል ብዬ ባልዲ ሳነሣ ከእጄ አመለጠኝና ውሃው በወለሉ ላይ ሄደ። ታደለ መጥረጊያውን ሊቀበለኝ ሲጠጋ ሽታው ደረሰው። የተቃጠለ ሥጋና የቅጠል ሽታ ነበር።

"እጅጌሽን አንሺ" አለ።

ጎንበስ ብዬ ባልዲውን አነሣሁ። ሁለተኛ አልተናገረም፤ መቀሱን አምጥቶ እጅጌውን ራሱ ቀደደው። ጨርቁ ከቆዳዬ ጋር ተጣብቋል። ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ ነጠላዬን አልብሶኝ ወጣን። በር ላይ እናቱን አገኘናቸው። ሆስፒታል ስንሄድ ነው አላቸው። እሳቸው ወገቤን አዩና "በሰላም ነው?" አሉ በተስፋ። ታደለ ደህናውን እጄን ይዞ ዳገቱን አወረደኝ።

በድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ቁስሌን እስኪያጥቡልኝ ስንጠብቅ ሁሉንም ነገርኩት። ደላላውን፣ ክሊኒኩን፣ የሴትዮዋን ሳቅ፣ ማግኔቷን፣ ሰውየውን። ዓይኖቼን ከወለሉ አላነሣሁም። ከፊታችን አንድ ሰው እግሩን ተሰብሮ ያቃስታል። ታደለ የወደቀውን ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መለሰው።

"አረብ አገር ነበርኩ ስትይኝ ምን አልኩሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ምንም አላልክም።"

"ታዲያ አሁን ምን እል መስሎሽ ነው?"

መልሴን አልጠበቀም። "በዘንጓ አልተናደድኩም" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ስትፈሪ እኔ አጠገብሽ ተኝቼ ነበር። የገረመኝ እሱ ነው።" ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። የሚመለስ አልመሰለኝም ነበር። የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ተመለሰና ክዳኑን ከፍቶ ሰጠኝ።

ቁስሉ ታጥቦ፣ ለኢንፌክሽኑ መድኃኒት ተጀምሮልኝ ሁለት ቀን ተኛሁ። የክፍሉን ታካሚዎች የምታየው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ንግግሯ ቀስ ያለ ነው። የሆነውን ስነግራት አልሳቀችም። "የድሮዎቹ ዘንጎች በራጅ አይታዩም፤ በአልትራሳውንድ እንፈልጋለን" አለች። አልትራሳውንድ የሆድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለሙያው ቁስሉን እየሸሸ መሣሪያውን በክንዴ ላይ ቀስ እያለ አንሸራተተ። ታደለ በር ላይ ቆሟል። ባለሙያው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ወደ ኋላ መለሰ፤ ደግሞ ቆመ።

"አለች" አለ። "ከጡንቻው ጋር ተጠግታለች፤ ለዚህ ነው በእጅ ያልተገኘችው።"

አለቀስኩ። ከሕመም አልነበረም። እብድ አልነበርኩም፤ በልቤ ያልኩት እሱን ነው። ክሊኒኮቹ፣ ነርሷ፣ ራጁ ሁሉ ተሳስተው እኔ ልክ ነበርኩ። ታደለም ትከሻዬን ያዘ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ መቼ እንደምታወጣልኝና ከዚያ ስንት ወር ቆይተን ልጅ መሞከር እንደምንችል ልጠይቃት ተዘጋጅቼ ነበር።

"መቼ ነው የተቀበረችው?" አለችኝ።

"አሥራ ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው።"

"የምትሠራው ሦስት ዓመት ነው። ትንሽ ብታልፍም ከአሥር ዓመት በላይ ባዶ ሆና ተቀምጣለች። ያላስወለደችሽም፣ ያደከመችሽም እሷ አይደለችም።"

ተከራከርኳት። እጄ የሚደነዝዘው በእሷ ነው፤ ክንዴ ውስጥ ናት፤ አሁን በመሣሪያው አይተዋታል። ጨርሳ ሰማችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ቀኝ እጅሽስ?"

ቀኝ እጄም ይደነዝዝ ነበር። እንዲያውም የጀመረው ቀኙ ነው። ስጽፍ እስክሪብቶ ከእጄ ያመልጥ ነበር። ያን ግድግዳ ካነበብኩ በኋላ ግን ለማንም ስናገር "ግራ እጄ" ብቻ እላለሁ፤ ለራሴም ጭምር። በዚያው ግድግዳ ላይ ለሦስት ዓመት እንደሚያገለግል በግልጽ ተጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ካልወጣ ግን ይሠራል ብዬ ከራሴ ጨመርኩበት። የመጽሐፍ አሳታሚ አድራሻ የማልዘልል ሴት የማይመቸኝን መስመር ዘልዬ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቿ ተከታተሉ። ይበርድሻል? ፀጉርሽ? ሆድሽ ይደርቃል? ድምፅሽ ድሮም እንዲህ ነው? አንገቴን ከኋላዬ ሆና ዳሰሰች፤ ምራቄን እንድውጥ አደረገች። በደም ምርመራ ሁለት ቀን ሳይሞላ ታወቀ። አንገት ላይ ያለችው፣ ስታብጥ እንቅርት የምንላት ዕጢ ሥራዋን እያቆመች ነው። ከእሷ የሚወጣው ነገር ሲያንስ ሰውነት እንደ ምድጃ ይቀዘቅዛል፤ እጅ ይደነዝዛል፤ የወር አበባ ይዛባል፤ ፅንስም እንደ ልብ አይይዝም። ስለ ፌጦውና ስለ ጥሬ ጎመኑ ስነግራት ግንባሯን ያዘች። በሽታውን እነሱ አላመጡትም፤ ግን ለደከመች ዕጢ በየቀኑ ጥሬ ጎመን መስጠት ጥሩ ወዳጅነት አይደለም አለችኝ። መድኃኒቱ አንዲት ትንሽ ክኒን ናት፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፤ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንዱ ሐኪም ሁሉንም ሕመሜን ዘርዝሬ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ያኔ እጀምራት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንጓን ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንድ ቀዶ ሐኪም በአልትራሳውንድ እየተመራ አወጣት። አሳየኝ። የጠበቅኳት ጠላት አልነበረችም፤ ያረጀች፣ ቢጫ የሆነች ላስቲክ ናት። ክንዴ ላይ የቀረው ጠባሳ የእሷ አይደለም፤ የቅጠሉ ነው። መዳፍ ያህላል። አሁን አጭር እጅጌ እለብሳለሁ።

በሦስተኛው ወር ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁ። በአራተኛው የወር አበባዬ ቀኑን ጠብቆ መጣ። ዶክተሯ ግን አርባ ሊሞላኝ መሆኑን አልደበቀችኝም፤ ተስፋ አለ፣ ቃል ግን አልሰጥሽም አለች። ደስ አለኝ። ቃል የሰጠኝ ሰውዬ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ።

በኋላ አንድ ቅዳሜ እማማ በላይነሽ መጥተው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። "መድኃኒቱ ተስማማሽ?" አሉኝ። ተስማምቶኛል አልኳቸው። "እንግዲህ አሁን..." ብለው አቆሙ። ታደለ ጫማውን እያሰረ ነበር።

"እማዬ፣ ሰኞ እኔም ልመረመር ነው" አለ ቀና ሳይል።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?"

"ልጅ ከአንድ ሰው አይወለድም ብዬ ነዋ።"

እማማ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ወገቤን አልፎ በቀጥታ ፊቴ ላይ አረፈ። "አባቱም እንዲህ ደፋር ቢሆን" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔም እሱን እስክወልድ ስምንት ዓመት ብቻዬን ባልተንከራተትኩ ነበር።"

ሰኞ ጠዋት እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ታደለ ብረት ቤቱን ዘግቶ ሄድን። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ በመስኮቱ ተመለከተችን፤ ከዚያ ሳታመነታ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋች።

"ስምሽን ሙሉ ጻፊ" አለችኝ።

ታደለ ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ወደ ራሱ ሳበው። "ታካሚው እኔ ነኝ" አለ፤ "እሷ አስታማሚዬ ናት።"